«ዘጠነኛ» የተባልኩበት እሁድ

አምቦ ውስጥ «ዘጠነኛ» እያሉ የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ። ስሙ የወጣልኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአካባቢያችን ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዎቹ የሚጠሩኝ ለሙገሳ ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በወጣትነቴ በቀበሌ ክለብ ሁለት ዓመት ያህል የቦክስ ጓንት አጥልቄአለሁ፤ አፍንጫዬ ወደ ቀኝ ያዘመመው ያኔ ነው። ይህ አፍንጫ በኦቦ ገመቹ ቪዲዮ ቤት ትልቅ ክብር ነበረው። የቦክስ ክርክር ሲጦፍ «እስቲ ጋሼ ታደሰ ይናገሩ» ይባላል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እናገራለሁ፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ከፊት ያለችው ባለመደገፊያ ወንበርም የእኔ ነበረች።

ከዚያ ለሚ መጣ።

ለሚ የጎጆ ከተማ ልጅ ነው። በነርስነት አምቦ ተመድቦ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው። በዚያ ሰሞን የምንከራከረው ስለ ከባድ ሚዛኑ ሻምፒዮን ነበር። ሰውየው አርባ ሊደፍን ነው፤ ቀበቶውን ግን አልለቅም ብሏል። በቪዲዮ ቤቱ ስሙ «ኦቦ» ነው፤ ለዕድሜው ክብር ብለን «አቶ» ማለታችን ነው። እኔ ዘወትር «ኦቦ ገና ነው» እላለሁ።

ለሚ በመጣ በመጀመሪያው ቀን፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የመጨረሻዎቹን ሦስት ተጋጣሚዎች ይዩአቸው» አለኝ። «አንዱ ከጉዳት የተመለሰ ነው። አንዱ ከእሱ የባሰ ያረጀ ነው። ሦስተኛው ቦርጫም ነው። መርጦ ነው የሚገጥመው። እግሩም ከድቶታል፤ በየዙሩ መጨረሻ ገመዱን ተደግፎ ነው የሚያርፈው።»

ከየአቅጣጫው «ዹጋ ዻ! እውነቱን ነው!» ተባለ።

ያሳረረኝ ደግሞ ስለ ገመዱ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት አፍጥጬ ያላየሁትን እሱ አየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ወንበሩን ወደ ለሚ አዙሮ መቀመጥ ጀመረ። ኦቦ ገመቹም ሻይ ሲያመጡ መጀመሪያ ለእሱ ሆነ። ቤቴ ገብቼ እንኳ «ገመዱን ተደግፎ ነው የሚያርፈው» እያልኩ በድምፁ አላግጣለሁ። ጭራሽ አማቴን መርፌ የወጋቸው እሱ ሆኖ ተገኘና ባለቤቴ «እጁ እንዴት ቀላል መሰለህ!» ብላ አሞገሰችው። ያን ዕለት ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ቀጥሎ ኦቦን የሚገጥመው አንድ ወጣት ግራኝ ነበር። በኦቦ ገመቹ ቤት ደግሞ ደንብ አለ። ዲሻቸው ኳስ እንጂ ቦክስ አያመጣም፣ ኢንተርኔት የለም። ስለዚህ እሁድ ንጋት ላይ የሚካሄደውን ግጥሚያ አዲስ አበባ ያለ ሰው በፍላሽ ገልብጦ ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል። ፍላሹ እስከ አሥር ሰዓት አምቦ ይደርሳል። ግምታችን ዓርብ ዕለት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ኦቦ ገመቹ «ከን ዸገኤ ሃ በኡ! ውጤቱን የሰማ ይውጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው ከሌባ አይለይም።

ዓርብ እኔ «ኦቦ ያሸንፋል» ብዬ አስጻፍኩ። ለሚ «ግራኙ» አለ፤ ቤቱ በሙሉ ተከተለው። ከእኔ ጋር የቆመ አንድ ሰው ጠፋ። አንዱ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ቀለደብኝ፤ የወረቀት ሰው ስለሆንኩ ሳቁ እጥፍ ሆነ። ለሚ ብቻ አልሳቀም። ባለመሳቁም ተናደድኩበት።

እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ሄድኩና አዲስ አበባ ላለው ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ስልክ ይሠራ ነበር። ኦቦ ተሸንፎ ከሆነ ታመምኩ ብዬ ልቀር አስቤ ነው፤ በለሚ ፊት መዋረዱን አልቻልኩትም።

«ሽማግሌው አሸነፈ!» አለኝ ልጁ። «ዘጠነኛው ዙር ላይ ጎኑን መትቶ ጣለው።»

ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ድሉ የራሴ ነበር። ግን ማሸነፍ ብቻውን አልበቃኝም። ለሚ ዳግመኛ በዚያ ቤት አፉን እንዳይከፍት ፈለግሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ለሚ ዓይኑ ቀልቶ መጣና ከኋላ ተቀመጠ። ኦቦ ገመቹ እንደ ልማዳቸው «የሰማ ይውጣ!» ብለው ጮኹ። ለሚ ተነሣ፤ ምንም ሳይል ወጥቶ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አጠገቤ ያለው ሰው «ተረኛ ይሆናል» አለ። እኔ ግን ፈርቶ የሸሸ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ደጅ ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ኦቦ ገመቹ፣ ይጨምሩልኝ! ዘጠነኛው ዙር፣ ጎኑ ላይ!» አልኩ። ሰው ሳቀብኝ። ኦቦ ገመቹም እየሳቁ ጻፉት።

ዘጠነኛው ዙር ላይ ኦቦ ከተደገፈው ገመድ ተነሥቶ የግራኙን ጎን ሲመታው፣ ልጁም በጉልበቱ ሲንበረከክ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አንሥተው ተሸከሙኝ። «ዘጠነኛ! ዘጠነኛ!» አሉኝ።

ከትከሻቸው እንደወረድኩ ለሚ ዘንድ ወጣሁ። «ምነው ሸሸህ?» አልኩት።

ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «አልሸሸሁም ጋሼ። በአምቡላንስ በሽተኛ ይዘን ሄደን ንጋት ላይ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሻይ ልጠጣ የገባሁበት ቤት በቴሌቪዥን ያሳይ ነበር፤ አየሁት። የሰማ ይውጣ ሲባል ወጣሁ።»

ለሚ ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዓርብ የተናገሩት ይበቃ ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ። «ያሸንፋል ያሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ጋሼ ታደሰ አሸንፈውኛል፤ እኔ ስለ ኦቦ ተሳስቻለሁ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ተከትዬው ገብቼ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኦቦ በቀጣዩ ግጥሚያ ቀበቶውን አስረከበ። ያኔ ቤቱ ሁሉ እኔን አምኖ «ኦቦ ያሸንፋል» ብሎ አስጽፎ ነበር። ለሚም በዓመቱ ወደ ጎጆ ተዛወረ። ሰምቼ መገመቴን ለማንም እንዳልተናገረ የማውቀው፣ ሰው እስከ ዛሬ በአክብሮት «ዘጠነኛ» ስለሚለኝ ነው።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ዱሮ የምቀናው በእውቀቱ ነበር፤ አሁን የምቀናው ያን ቀን እንደዚያ በቀላሉ ተነሥቶ በመውጣቱ ነው። ኢንተርኔት ከተከፈተ ወዲህም የቤቱ ደንብ አልቀረም፤ ወንበሯም የእኔው ናት። ግን ኦቦ ገመቹ «የሰማ ይውጣ!» ብለው በጮኹ ቁጥር፣ ምንም ያልሰማሁ ቀን እንኳ፣ እግሬ ልነሣ ልነሣ ይላል።