የዘለልኳት መስመር

አባቴ አርባ ዓመት ያህል ንፋስ ስልክ አካባቢ ካሉ ጋራዦች በአንዱ ባትላሜራ ነበር። የተጨማደደ በር ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ አለስልሶ፣ ቀለም ረጭቶ ሲመልሰው ባለቤቱ ራሱ የተመታው የት ጋ እንደነበር ይጠፋበታል። አምና ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ እኔም አላገባሁም፤ መካኒሳ አቦ ባለችው ቤታችን ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ደክሞኝ ነበር፤ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እጁን ሥራ እንዳናስፈታው አጥብቃ ነግራናለች። ጭመቅ ብላ የሰጠችውን የላስቲክ ኳስ «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብሎ ወረወረው፤ የወረወረውም በግራ እጁ ነው። ጎረቤታችን የፊዚክስ አስተማሪ ይህን ሲሰማ በማግስቱ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ ተገጣጣሚ ሮኬት አለ። የእውነተኛ ሮኬት አምሳል ነው፤ ልኬቱ ሳይዛባ አንሶ አንሶ ክንድ የሚያህል ሆኗል። የወረቀት ቱቦ፣ ከስስ እንጨት የተቆረጡ ክንፎች፣ የፕላስቲክ አፍንጫና ስትወርድ የምትዘረጋ ትንሽ ጃንጥላ። ለትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ በስጦታ የመጣ ነው፤ ተማሪዎቹ ሥራው ብዙ ነው ብለው ትተውታል። ባሩድ ያለበት ሞተር የሚቀመጠው በፈቃድ ስለሆነ ክበቡ ጋ ነው። «አባባ፣ እርስዎ ይጨርሷት እንጂ ለቡ ዳር ካለው ሜዳችን እናስወነጭፋታለን» አለው።

የአሠራሩ መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም። ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ተጋፍቼ፣ ቤት ስደርስ መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ዛሬስ ምን ይላል?» ይለኛል። ሳነብለት አንድ ቃል አያልፈውም። ክንፎቹን አጣብቀህ እስኪደርቅ ጠብቅ ይላል ካልኩት ሌሊቱን ያስደርቃል እንጂ አይነካቸውም። የእኔን ቃል የሚሰማው እንደ አለቃ ትእዛዝ ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድብኝ ቆይቼ ገባሁ። ወጥ አልተሠራም፣ የመድኃኒቱ ሰዓት ደርሷል። የቀረው የቀለሙ ገጽ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ደቃቅ ፊደል።

«ስለ ቀለም ምን ይላል?»

«ቀለም ቀባ ይላል።»

«በቃ?»

«በቃ አባዬ። ላንተ ቀለም ማን ያስተምርሃል?»

ደስ አለው። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ወደ ማድቤት ሄድኩ። ወረቀቱ ግን አላበቃም ነበር። ቀለሙ ስስ ይሁን፣ አንዴ ብቻ ይቀባ፣ ሌላ ነገር አይሞላበት፣ ከከበደች አትበርም የምትል መስመር ነበረችበት። ዓይኔ አይቷታል። መተርጎሙ ታከተኝ።

አባቴ በሚያውቀው መንገድ ሄደ። የጋራዥ ልጆች ስቱኮ አመጡለት። የወረቀት ቱቦዋን ልክ እንደ ተጋጨ መኪና ስቱኮ አለበሳት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጋት፤ እንደገና አለበሳት። ቀኝ እጁ የብርጭቆ ወረቀቱን ይጥላል፣ ያነሳል፣ ይጥላል። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፎች ሳልረዳው ቆልፎ ወጣ፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሮኬቷ በነጭ ቀለም አብረቅርቃ ፊት የምታሳይ ሆና ነበር። ያን ሰሞን ከአልጋው ሥር ያለውን የመሣሪያ ሳጥን በእግሩ ነካ አድርጎ «ከበረረች ጋራዥ እመለሳለሁ፤ ቁጭ ብዬም ቢሆን እሠራለሁ። ካልበረረች ግን ልጆቹን ጠርተሽ ይሄን አከፋፍይልኝ» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኮንትራት ታክሲ ለቡ ሄድን። ኮቱን ለብሷል። አስተማሪው ሮኬቷን ሲቀበለው ክንዱ ዝቅ አለ፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ወደ ጎን ወሰደኝና «ይቺ እኮ እንደ ብረት ከብዳለች። መመሪያው ላይ አልነበረም እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ያኔ ነው መስመሯ ትዝ ያለችኝ። አባቴ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ ያያል። ሄጄ ብነግረው የማስወንጨፊያው ቀን ሌላ ጊዜ ይሆን ነበር። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ «ምናልባት ትነሳ ይሆናል፣ ሞክራት» አልኩት።

ተነሳች። ከመብራት ምሰሶ ብዙም ሳታልፍ አዘነበለች፣ ዞረችና በአፍንጫዋ ጭቃው ውስጥ ተተከለች። ጃንጥላዋ የተዘረጋችው ከወደቀች በኋላ ነው። አባቴ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው። «እጄ ነው» አለ። ሮኬቷን ከነጭቃዋ አቅፎ ወደ ቤት ተመለሰ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሳጥኑ ከአልጋው ሥር ወጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። «ልጆቹን ደውለሽ ጥሪልኝ» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ ቁጥሩንም ፈለግኩት። መደወል ግን አቃተኝ።

«አባዬ፣ እጅህ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ስስ ይቀባ፣ ከከበደች አትበርም የሚል ነበር። ደክሞኝ ዘለልኩት።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ደስ ባለኝ። «የመድኃኒቱን ወረቀትስ?» አለ።

«እ?»

«የመድኃኒቱንም እየዘለልሽ ነው የምታነቢልኝ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አባቴ ይጠይቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አልዘለልኩም፣ በማርያም ብዬ ማልኩ። እውነቴን ነበር፤ ግን ለምን ይመነኝ? «አምጪው» አለ። አመጣሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የፋብሪካውን አድራሻ ሳይቀር አነበብኩለት። ቀጥሎ የሮኬቷን ወረቀት አስነበበኝ። መስመሯ ጋ ስንደርስ ጣቱን አንሥቶ አስቆመኝና ሁለቴ አስደገመኝ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለ፤ የብርጭቆ ወረቀቱንም ፈለገና ጭቃው ያልደረቀላትን ሮኬት ጭኑ ላይ አስተኝቶ ስቱኮውን መፈግፈግ ጀመረ። ፍርፋሪው ኮቱ ላይ ይራገፋል። ሳጥኑን እኔ ነኝ ወደ ቦታው የመለስኩት፤ አልከለከለኝም።

ገና አልጨረሳትም። እኔም ያው ሰልፉ ላይ እቆማለሁ፣ ያው ደክሞኝ እገባለሁ። አሁን ግን በሩን ስከፍት ምን ይላል አይለኝም። መጀመሪያ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል።

«ደክሞሻል?»

በዚህ ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዎ ካልኩት ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ «እንግዲያው ነገ» ይለኛል፤ እኔም ጫማዬን አወልቃለሁ።