በወፍራም ፊደል የጻፍኩት ሰሌዳ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንቱን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ቀኖና ስቀበል ይህችን እየዘለልኩ አልፋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ነው።

በጃንሆይ ዘመን መሐል ሜዳ ከተማ ሰሌዳ እጽፍ ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት የለመድኩት ቀጭኑን የብዕር ጽሕፈት ነው፤ ደብረ ብርሃን ሄጄ አንድ ሰሌዳ አየሁና ልቤ ጠፋ። ፊደሉ ወፍራም፣ ጫፉ ሁሉ ክብ፣ ከሩቅ የሚታይ። ቀን ከሌት ተለማመድኩት። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በሩን በእኔ አስጻፈ። ሌላ እንደዚያ የሚጽፍ ስላልነበረ፣ ማንበብ የማይችለው ባላገር እንኳ ያንን ፊደል ሲያይ «የመንግሥት ነው» ብሎ ጎንበስ ብሎ ያልፍ ነበር። እኔም እኮራ ነበር፤ ምን ያኮራኛል!

አንድ ቀን ግራዝማች ይመኑ የሚባሉ ባለጉልበት መጡ። እትዬ በለጡ የሚባሉ መበለት ካባታቸው የወረሱትን የገብስ ማሳ፣ ግራዝማች «የኔ ነው» ብለው ክርክር ገጥመው ነበር። ነገሩን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሊያየው ነው፤ ምስክር ሁሉ ለእትዬ በለጡ እንደሚመሰክር አገር ያውቃል።

«ልክ እንደ መሥሪያ ቤቱ አርገህ፣ የግራዝማች ይመኑ ርስት፣ መግባት ክልክል ነው ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ለምን እንደፈለጉት እያወቅሁ ጻፍኩ። ፈርቼ ነው? አዎ፣ እፈራቸው ነበር። ቀለሙን ሁለት ጊዜ የደረብኩትስ ማን አስገድዶኝ ነው?

ሰሌዳው ማሳው ላይ በተተከለ በማግስቱ፣ ማንበብ የማይችሉት እትዬ በለጡ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ያ ጽሑፍ የመንግሥት ነው እንዴ? ከሆነ ይቅርብኝ፤ እኔ መበለቷ ከመንግሥት ተሟግቼ የት ልደርስ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» ማለት ምን ይከብዳል? ግራዝማች አጠገቤ የሉ፣ የሚሰማኝ ሰው የለ።

«አዎ እትዬ፣ የመንግሥት ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ይህ አፌ ነው ያለው።

እሑድ ሽማግሌው ተቀመጠ፤ እትዬ በለጡ ቀሩ። በሳምንቱ ሴት ልጃቸውን ይዘው መርሐቤቴ ወረዱ አሉ።

ከዓመታት በኋላ ፈልጌ አገኘኋቸው። እህታቸው ቤት ተጠግተው፣ ለሰው ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ። የሄድኩት እውነቱን ልነግራቸው ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ገና ከደጅ ሲያዩኝ እንባ ቀደማቸው።

«ይኸው፣ ይኸ ልጅ ነው ያዳነኝ!» አሉ ለእህታቸው። «እሱ ባይነግረኝ ከመንግሥት ተጣልቼ እስር ቤት እበሰብስ ነበር።»

ቃል ቢጠፋኝ እግራቸው ላይ መውደቅ አቅቶኝ ነው? አቃተኝ። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኝ ጀመር፤ «ክፉ አይንካህ፣ የወለድከው ይባረክልህ» እያሉ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አልፈዋል። ያን ቀን ግን ምርቃታቸውን አንድም ሳላስቀር፣ አንገቴን ደፍቼ «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ተቀበልኩ።