የሞጣዋ ከድጃና ያስቀናኝ ነጭ አበባ

«ጥሩወርቅ፣ እስኪ ዓይንሽን ጨፍኚና በጣትሽ ዳብሺው።»

ዳይሬክተራችን ናቸው። የገና በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ለሥራ ሞጣ ደርሰው በተመለሱ ማግስት፣ አንድ ካርድ እጄ ላይ አስቀመጡ። ዳበስኩት... አበባ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ቀለም የሚባል ነገር የለበትም። ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ አበባ፣ ከወረቀቱ ተነስቶ ብቅ ብሏል። ዙሪያውን ቀጭን ሰማያዊ ጥብጣብ ዞሮታል።

ያኔ የንጉሡ ዘመን ነው፤ እኔ ገና የሃያ ዓመት ልጅ፣ ቢቸና አስተማሪ ነኝ። የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ መላክ የፈለገ ሰው የሚመጣው እኔ ጋ ነበር። አበባ በቀለም እስላለሁ፣ ጠርዙ ላይ ዳንቴል አጣብቃለሁ፣ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት በኮከብ ቅርጽ ቆርጬ እለጥፋለሁ። ካርዴ መርጡለ ማርያምና ግንደወይን ድረስ ይሄዳል። «ይሄማ የጥሩወርቅ እጅ ነው» ሲባል መስማት እንዴት እንደሚጥመኝ!

«ማን ሠራው?» አልኩ።

«ከድጃ የምትባል የነጋዴ ልጅ። አባቷ ሞጣ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የዘንድሮውን የትምህርት ቤቱን ካርድ ለሷ አዘዝኩ።»

«ቀለም እንኳ የለውም እኮ...»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው!» ብለውኝ ሄዱ።

የትምህርት ቤቱን ካርድ በየዓመቱ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ደሜ ፈላ። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ከጀርባው በማንኪያ ብጫነው ተቀደደ። ሌላ አመጣሁ... እሱም ተቀደደ። ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ ለምኜ ወደ ሞጣ ሄድኩ።

ከድጃ እኩያዬ ናት። አባቷ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። «አልማዝ እባላለሁ፣ ከደብረ ወርቅ ነው የመጣሁት፣ ካርድ አሠራር ብታሳዪኝ...» አልኳት። እምቢ ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጄን ይዛ አስገባችኝ።

አበባውን ከጫማ ካርቶን ቆርጣ አወጣች፣ ወረቀቱን በላዩ አነጠፈች፣ በቀንድ ማንኪያ ጀርባ ቀስ እያለች አሸችው። «ወረቀቱን ትንሽ ታረጥቢዋለሽ። ደረቁን ከሆነ ይቀደዳል።» አበባው ዓይኔ እያየ ብቅ አለ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ለዒድ ካርድ ሠርቼ ለአባባ ሰጠኋቸው፤ ማየት አልቻሉም። በእጃቸው ይዩት ብዬ ነው።»

ይህን ሰምቼ እንኳ ቅናቴ አልበረደም። እንዲያውም ባሰብኝ... አበባዋ ምክንያትም አለው ማለት ነው!

ከዚያ ከድጃ እየሳቀች እንዲህ አለችኝ። «ቢቸና አንዲት አስተማሪ አለች አሉ። ካርዷን አይቻለሁ፤ ዳንቴሏ ዓመት ቢቆይ አይላቀቅም። የኔ ጥብጣብ በሁለተኛው ቀን ይነሳል። እውነቴን ነው፣ እቀናባታለሁ። በምን እንደምታጣብቀው ታውቂያለሽ?»

እኔ የማጣብቀው በግራር ሙጫ ነው። ውሃ ውስጥ አሳድሬ፣ በጨርቅ አጥልዬ።

«በስንዴ ዱቄት ነው። በውሃ ታፈላዋለች» አልኳት።

አመስግና ሸኘችኝ።

ለገና አራት ቀን ሲቀር ዳይሬክተራችን ፊታቸው ተለዋውጦ መጡ። «ያቺ የሞጣዋ ልጅ ጉድ ሆነች። ጨርሳ ጓዳ ደርድራው የነበረውን ካርድ አይጥ ፈጀው። ዱቄት ሸቶት ነው አሉ።»

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። «አባቷ የተበላውን ካርድ አንድ በአንድ በእጃቸው እየዳበሱ፣ 'አበባው ወዴት ሄደ?' ይላሉ አሉ...»

የዚያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ፣ ሙጫዬን በጠርሙስ፣ ወረቀትና ዳንቴሌን በዘንቢል ይዤ ሞጣ ገባሁ። ከድጃ መሬት ላይ ተቀምጣ ከፍርፋሪው መሀል የተረፈ ትፈልጋለች።

«አልማዝ! ምነው በደኅና?»

«አልማዝ አይደለሁም። የቢቸናዋ አስተማሪ እኔ ነኝ። የማጣብቀው በዱቄት አይደለም... በዚህ ነው» ብዬ ጠርሙሱን ሰጠኋት።

ጠርሙሱን ከፈተች፣ አሸተተች፣ በጣቷ ነክታ አየችው። ሂጂልኝ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ደጅ ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አባባ! አይጧ መጣችልዎ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «መጥታ ከሆነማ ሥራ ስጫት» አሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ አብረን ሠራን። እሷ አበባ ታስነሳለች፣ እኔ ዳንቴልና ጥብጣብ አጣብቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ውጪ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። በሁለተኛው ቀን ሙጫው ፀጉሬ ላይ ሲደርቅ አይታ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ያለቀውን ሁሉ አባቷ እየዳበሱ «ይሄ ደኅና፣ ይሄም ደኅና» ይላሉ።

ካርዱ ለገና ዋዜማ ቢቸና ደረሰ። ዳይሬክተራችን አንዱን አንስተው አገላበጡት፣ ጣታቸውን አበባው ላይ አሳለፉ። «አቤት እጅ! ይሄ አበባ የከድጃ ነው አይደል?» አሉኝ። ስለ ዳንቴሉ አንድም ቃል የለም።

ከድጃ ፊት ቆሜ ውሸቴን ስናዘዝ እንኳ አንደበቴ «አዎ፣ የሷ ነው» ለማለት እንደተሳሰረው አልተሳሰረም... ግን አልኩ።