አረፋ የማስወጣት አመል

ፖሊሶች የያዙኝ ሻንቶ ላይ፣ ከአክስቴ ለቅሶ ስመለስ ከሚኒባስ አስወርደው ነው። ሶዶ አምጥተው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻዬ አስገቡኝ። የሲሚንቶ ወለል፣ አንድ ፍራሽ፣ ከጣሪያው ሥር ደብተር የምታክል መስኮት። ስብሰባ ላይ ለተናገርኩት ሁለት ደቂቃ ሙሉ ክፍል ተሰጠኝ ብዬ ቀለድኩ። የሚስቅልኝ አልነበረም።

ሥራዬ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ልብን ተክቶ ደም የሚያዞረውን ማሽን ማንቀሳቀስ ነው። ልብ ሲከፈት አየር ይገባበታል። ሳይወጣ ልብ መምታት ከጀመረ አረፋው አንጎል ይደርስና በሽተኛው ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ በተከፈተው ደረት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለቃለን፤ እሱ ደም ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። የበሽተኛውን ራስ ዝቅ እናደርጋለን። እኔ ደግሞ ቀድሜ የማሽኑን ቱቦዎች በጣቴ እየመታሁ አረፋ አስወጣለሁ።

ዓመታት የለመደ ጣት ታሰርኩ ብሎ አያርፍም። የሃይላንድ ውሃዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከጎኑ የተለጠፈውን አረፋ ሳንኳኳ እውላለሁ። ሌላ ድምፅ አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። የክፍሌ ዘብ አጠገቡ ቆሟል።

«ከጎረቤትህ እስረኛ ጋር በግድግዳው በኳኳታ ታወራለህ» አለኝ መርማሪው።

በወላይትኛ ማስረዳት ስጀምር «በአማርኛ! ይጻፋል» አለ። ስለ አረፋው ነገርኩት።

«አየር ሰው ይገድላል?»

«ቦታውን ከሳተ ይገድላል።»

ወረቀት ገፋልኝ። ከጎረቤቴ ጋር ምልክት ተለዋውጫለሁ ይላል።

«ፈርም፤ ዛሬውኑ ከሰው ጋር ትቀላቀላለህ። ካርታ ሁሉ ይጫወታሉ።»

አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል፤ የእኔ ግን ጭራሽ ወደ መሃል ሊመልሰኝ ነው። ሰው ናፍቆኝ ነበር፤ የሚያንኮራፋም ቢሆን። ስክሪብቶውን አነሳሁ። ነገር ግን ከፈረምኩ ያ የማላውቀው ሰው በእኔ ጣት ይከሰሳል። ጽሑፉን ሰርዤ «ያንኳኳሁት አረፋ ለማስወጣት ነው፤ ጎረቤቴን አላውቀውም» ብዬ ጻፍኩና እሱ ላይ ፈረምኩ። ስክሪብቶውን ከድኜ በሁለት እጄ መለስኩለት።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ ቀን ብቻዬን ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቴን በግድግዳው በኩል «ደህና አደርክ?» እለው ነበር። ፈርቶ ነው እያልኩ ዝምታውን አልተቀየምኩትም።

ስፈታ ዘቡ እስከ በሩ ሸኘኝ።

«ዶክተር» አለኝ፣ ዶክተር ባልሆንም። «ያቺ የጎረቤትህ ክፍል እኮ ባዶ ነበረች። ሲሚንቶ ነው የተቀመጠባት።»

ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ ቆየሁ። ወዳጆቼ፣ ለባዶ ክፍል ብለህ ሃምሳ ቀን፣ እያሉ ይስቁብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ያ ሰው ይናፍቀኛል፤ በዚያ ሁሉ ቀን ደህና አደርክ ያልኩት እሱን ብቻ ነው።