በሁለት አዛን መሀል

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴ ላይ መጮሄን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ፊቴን ስለማታዩት ነው። ይህም ራሱ ፍርሃት መሆኑን አላጣሁትም።

ያነሳሳኝ የአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። በቅርቡ እዚህ ጅቡቲ ያሉ የእኛ ሰዎች ተሰብስበው ተማሪዎቹን ምከሪልን ብለው ፊት አስቀመጡኝ። ልጅቷ ቀን ኮሌጅ ትማራለች፣ ማታ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። «እርስዎም እንደኔ ነበሩ አሉ። ጉልበቱን ከየት አመጡት?» አለችኝ። ውሃ ጠጪ አልኳት። ፕሮግራም አውጪ አልኳት። ከሰዓት በኋላ ትንሽ አሸልቢ አልኳት። ተጨበጨበልኝም። እኔ ቀጣፊ ነኝ። እኔ ጉልበቴን ያገኘሁት ከውሃ ነው? እኔ ጉልበቴን የወሰድኩት ዓይናቸው ከደከመ አሮጊት ላይ ነው።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ፈረንጆች ቤት እዚያው እያደረች ትሠራለች፤ እኔ ከከተማው ዳር፣ ባልባላ፣ አክስቴ ዘንድ ነኝ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ለስድስት እንተኛለን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ኮሌጅ፣ ከአሥር ተኩል እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ሥራ። ቀን ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ እኔ ከቆርቆሮው ሥር እጠበሳለሁ እንጂ አልተኛም። ስኳር የበዛበት ሻይ ሞከርኩ። ፊቴን መታጠብ ሞከርኩ፤ ሙቀቱ ሲገባ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለሻይ የደረሰ ነው። አስተማሪው በፈረንሳይኛው ሲያንበለብለው እኔ ዓይኔን ገልጬ እተኛለሁ። በመጀመሪያው መንፈቅ ሦስት ትምህርት ወደቅኩ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ አንድ እንኳ ብወድቅ እንደምባረር ተነገረኝ። እናቴ የሰው ወለል እየወለወለች «ልጄ ቢሮ ትገባለች» ስትል ምን ብዬ ልንገራት? አልነገርኳትም።

ሥራዬ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር እማማ ተዋበችን መጠበቅ ነበር። እማማ በልጅነታቸው ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው እትዬ ሮማን አምቡሊ፣ ኤርፖርት ውስጥ የማታ ተረኛ ናት። የእማማን ዓይን ሞራ ሸፍኖት ከጥላ በቀር አያዩም። ብቻቸውን ከተነሱ ስለሚወድቁ ነው ሰው የተቀጠረላቸው። ጆሯቸው ግን ጉድ ነበር። ሰዓታቸውም ከቤቱ ጀርባ ያለው መስጊድ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ይሰማል፤ እማማ ያማትቡና «በይ ወንበሬን አውጪልኝ» ይሉኛል። ደጃፍ እንቀመጣለን። ጎረቤታቸው ኢዶ ሀዋ፣ ሱማሌዎቹ ትልቅ ሴትን እንዲያ ነው የሚጠሩት፣ ሶላታቸውን ሰግደው ምንጣፋቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ።

«ተዋበች፣ ዛሬም አልሞትሽም?»

«አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

ከዚያ ግማሽ ሱማሌኛ፣ ግማሽ አማርኛ እያሉ ሲሟገቱ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲስቁ ያመሻሉ። ጅቡቲ ሰው ወጥቶ የሚተነፍሰው ሙቀቱ ሲበርድ ነው፤ ለእማማ ቀን ማለት ያቺ ሰዓት ነበረች። ሁለተኛው አዛን፣ ኢሻ፣ ሲሰማ ኢዶ ሀዋ ይነሳሉ። እኔም ሐኪም ያዘዘውን ግማሽ የእንቅልፍ ክኒን በወተት እሰጣቸዋለሁ፤ ትንሽ ሲያወሩኝ ቆይተው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይተኛሉ።

ስደክም በድምፄ ያውቁብኝ ነበር። «የኔ እናት፣ እንቅልፍሽ መጣ። ጋደም በይ፤ ኢሻ ሲል እኔ እቀሰቅስሻለሁ» ይሉኛል። ይህን ልብ በሉልኝ። ሳልለምን ተሰጥቶኝ ነበር። እኔ ግን እትዬ ሮማን «በሥራ ሰዓት ተኛች ሲሉ ብሰማ በቃ» ብላኝ ስለነበር፣ ጎረቤት አይቶ እንዳይነግርብኝ ፈራሁ። በፍቅር ሲሰጡኝ እምቢ ብዬ በተንኮል ወሰድኩት።

የመጀመሪያው ቀን ለማግስቱ ፈተና ነበረብኝ። መስኮቱን በጊዜ ዘጋሁ፣ ቤቱ ጨለመ። መግሪብ ተሰማ። እማማ ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ኢሻ ነው እኮ እማማ» አልኳቸው። «መግሪብ ሲል ተኝተው ነበር።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። «እኔ? ተኛሁ?»

«አዎ።»

«ሀዋስ?»

«አልመጡም።»

ክኒኑን በወተት ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ጠጡ። እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ኢዶ ሀዋ ሲያንኳኩ በሩን ገርበብ አድርጌ «ተኝተዋል» አልኩ። አንድ ሰዓት ተኛሁ፣ ሁለት ሰዓት አጠናሁ። በማግስቱ ጭንቅላቴ ጥርት ብሎ ነቃሁ፤ ፈተናውን አለፍኩ። ለወራት ያላየሁትን ሰውነቴን መልሼ ያገኘሁት መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። አንድ ቀን አልነበረም። ከየካቲት እስከ ግንቦት አደረግኩት። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ቆይቶ ሦስቴ፣ በኋላ እሑድ ሲቀር በየቀኑ። የዶክተር መድኃኒት አይደል፣ መጠኑን አልጨመርኩ፣ እንቅልፍ ለሽማግሌ ጥሩ ነው፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ስንቅ እያደር ከበደ።

እማማ መለወጥ ጀመሩ። አዛን በተሰማ ቁጥር ፊታቸው ይጨነቃል፤ ጣታቸውን እየቆጠሩ የዋሉትን ያስታውሳሉ፤ ምሳ በላሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ከዚያስ? «ቀኑ አጠረ ወይስ እኔ ነኝ?» አሉኝ አንዴ። «እርጅና ነው እማማ» አልኳቸው። ሳቅ ብዬ ነበር ያልኩት።

አንድ አርብ ጠዋት ኢዶ ሀዋ መጥተው «ምነው ተዋበች፣ በመጣሁ ቁጥር እንቅልፍ?» ይሏቸዋል። እማማ ተቆጡ፤ «ኢሻ እስኪል ጠብቄሻለሁ፣ አንቺ ነሽ የተውሽኝ» አሉ። ኢዶ ሀዋ ደግሞ ኢሻ ሳይል መምጣታቸውን በአላህ ማሉ። ሁለቱም እውነት ነበር የሚናገሩት። ከሰዓት ስደርስ እትዬ ሮማን በር ላይ ያዘችኝ።

«እማዬ ሀዋ አልመጣችም ትላለች፣ ሀዋ መጥቻለሁ ትላለች። እውነቱ የቱ ነው?»

እማማ ከውስጥ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «አንቺ ንገሪያት ልጄ። አብረሽኝ የምታመሽው አንቺ ነሽ። አእምሮዬ ደህና ነው በያት።»

የመጨረሻው ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እኔም «ኢዶ ሀዋ ይመጣሉ። እማማ ናቸው የሚረሱት» አልኩ። ክኒኑ እንቅልፍ ነው፤ ሰው ከእንቅልፉ ይነቃል። ይህች ቃል ግን እማማን ከቤታቸው አወጣቻቸው። እትዬ ሮማን አእምሮው የሚስት ሰው ለተቀጣሪ ትታ መሄድ ፈራች፤ ድሬዳዋ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ላከቻቸው። ኢዶ ሀዋም ከዚያ በኋላ ምንጣፋቸውን ደጅ ሲያነጥፉ አላየሁም።

እኔ አለፍኩ። ቢሮም ገባሁ፣ እናቴም እንዳለችው ሆነ። እማማ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ለለቅሶ የሄደችው እትዬ ሮማን ስትመለስ እንደነገረችኝ፣ እስከ መጨረሻው አዛን በተሰማ ቁጥር አጠገባቸው ያለውን ሰው ልብሱን ይዘው «ይሄኛው የትኛው ነው?» ይሉ ነበር። ሲነግሯቸውም አያምኑም። ያ ጉድ የነበረ ጆሯቸውን እንዳያምኑት ያደረግኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሮማን ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ታቅፈኛለች፤ «እናቴን የጦርሽልኝ» ትለኛለች።

ደክሞኝ ነበር ብል እውነት ነው። ልጅ ነበርኩ፣ ድሃ ነበርኩ፣ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን አብረውኝ ተምረው፣ እንደኔ ማታ ሠርተው፣ ደክሟቸው የወደቁ ነበሩ። ወደቁ እንጂ የማንንም ምሽት አልሰረቁም። ስለዚህ አዘኑልኝ አልላችሁም።

አንድ የቀረኝ አለ፤ ከሁሉም ስለሚከብደኝ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁት። እማማ የተሸኙ ዕለት መኪናው ደጅ ቆሟል። ሽማግሌ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይቅርታ ጠይቆ ነውና የሚለየው፣ ሰዉን በየተራ አስጠሩ። ኢዶ ሀዋን አቅፈው ብዙ ቆዩ። የኔ ተራ ሲደርስ ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ «ከስተሻል» አሉኝ። «በመርሳቴ አስቸገርኩሽ። ስትደክሚም እያወቅኩ ምንም አልረዳሁሽም። ይቅር በይኝ ልጄ።» ሰው ሁሉ ይሰማል። እትዬ ሮማን ታለቅሳለች። እውነቱን ለመናገር የቀረችኝ ጊዜ ያቺ ነበረች፣ ፈተናውም አልፎ ነበር፣ የምፈራው ነገር አልነበረም። ከአፌ የወጣው ግን ሰው ሁሉ የሚለው ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳቸው። እሳቸውን ይቅር አልኩና ሻንጣቸውን አንስቼ መኪናው ላይ ጫንኩ።