ከመዝገበ ቃላቱ ያወጣሁት ቅጠል

እኔ በሰዓት ቆጥሬ ያጣሁትን እሷ ሳትቆጥር እንዴት አገኘችው? ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

የማታ ትምህርት የጀመርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ዴስክ የተጋራችኝ በዕድሜ የምታንሰኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለታችንም የአዲስ ከተማ ልጆች ሆነን የተዋወቅነው ግን እዚያ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ፎቶ ቤታቸውን ሲዘጉ ጊዜው ያለፈበት የፎቶ ወረቀት በሳጥን ሰጡን።

«ካሜራ አያስፈልጋችሁም» አሉን። ቅጠል ወረቀቱ ላይ ማድረግ፣ መስታወት መጫን፣ ፀሐይ ላይ ማኖር። ፀሐይ ያገኘው ይጠቁራል፤ ቅጠሉ የሸፈነው ቀለም ይዞ ይቀራል። ከዚያ ቅዳሜ እሳቸው ቤት በመድኃኒት እስኪታጠብ ድረስ ብርሃን ሊያየው አይገባም፤ ካየው ምስሉ ይጠፋል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐይቁ ዳር ካለው ጉዱማሌ መናፈሻ ቅጠል ለቅመን እኔ ግቢ እንቀመጥ ነበር። ወረቀቱ ቀለም ሲለውጥ ዝም ብሎ ማየት! ከመጽሐፍ በስተቀር እንዲህ ያሳረፈኝ ነገር የለም። ቅጠሌን በጨርቅ አደርቃለሁ፤ ደቂቃውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እሷ ከነውሃው ጣል ታደርግና ጋደም ትላለች።

«እትዬ፣ ፀሐይዋንም ፈተና ልታስቀምጫት ነው?» እያለች ትስቅብኛለች።

ሽማግሌው የእኔን አይተው «ንጹሕ ነው» አሉ። የእሷን ግን ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህቺ ዓይን አላት።»

በሳምንቱ እኔም ቅጠሌን ሳላደርቅ አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ተበላሸብኝ።

አንድ እሑድ የእሷ የዋርካ ቅጠል ምስል ወጣ። ጠርዙ እንደ መዳብ፣ ጅማቶቹ ሮዝ፣ ዙሪያውን የውሃው ጠብታ ሳይቀር ታትሟል። ቤቷ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ ብርሃን የማይገባበት ቦታ ስለሌላት እስከ ቅዳሜ የእኔ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ጠዋት መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩ። ቃል ልፈልግ አልነበረም። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አኖርኩና እንደ ልማዴ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሮዞቹ ጅማቶች አንድ በአንድ ሰጠሙ። ሲያልቅ ወደ ቦታው መለስኩት።

ቅዳሜ ሽማግሌው ቤት መጽሐፉን ስትገልጥ ጠይም ወረቀት ብቻ አገኘች።

«ያጋጥማል፣ ልጄ» አሏት ሽማግሌው።

«የለም፣ እጄ ነው፣ አባባ» አለች። «ከመርፌ ሌላ አይሆንለትም።»

ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። እኔ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ የምቀናባት አጠገቤ ሳትኖር ጸጥታው አላሳርፍ አለኝ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ቀሚስ ላሳጥር ሱቋ ሄድኩ። እግሬ ሥር ተንበርክካ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ጠርዙን ስታጥፍ ነገርኳት።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ እጄን ነው የረገምኩት። ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

«አልቆጠርኩም።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልሳቀችም።

«ከሳጥኑ ስንት ወረቀት ቀረ?»

«ሦስት።»

«ሦስቱንም አምጪ።»

ጠርዙ ግማሽ እንደተሰካ ቤቴ ሄጄ አመጣሁላት። ስሰጣት እንኳ፣ ምን ታወጣባቸው ይሆን ብዬ ቀናሁ።