የአያ ደሴ አሥራት

ልጅ ሳለሁ፣ አመሻሽ ላይ እናቴ ወደ አያ ደሴ ቤት የምትልከኝ ስም እንዳደርስ ነበር። ያደግነው አዲስ ቅዳም ከተማ ዳር ላይ ነው፤ በየጓሮው የሚከስለው የግራር ጭስ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ሰፈሩን ስለሚሸፍነው፣ ያኔ የእሳቸውን በር የማገኘው አይቼ ሳይሆን ሳላቸውን ሰምቼ ነው።

አያ ደሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰል ሲያከስሉ ኖረው ደረታቸው የተጎዳ፣ ሚስትም ልጅም ያልቀራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሌላው ምእመን ለቤተ ክርስቲያን ገብሱን፣ ማሩን፣ ጧፉን ይዞ ሲመጣ እሳቸው የሚመጡት ባዶ እጃቸውን ነው። በዚህ የሚያሽሟጥጣቸው አልጠፋም። እሳቸው ግን የታመመ፣ መንገድ የወጣ ወይም ምጥ የያዛት ሰው የክርስትና ስም ከተነገራቸው፣ ማታ ማታ ያንን ስም እየጠሩ ይጸልያሉ። «የእኔ አሥራት ይቺው ናት» ይሉ ነበር።

እኔ የማደርሰው የወንድሜን ስም ነበር። ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ድምፁ ከጠፋ ከርሟል። እናቴ ስልኳን ይዛ ጉብታው ላይ ትወጣለች፤ ኔትወርክ አለ፣ ልጇ ግን አያነሳም። ስትመለስ «ሂጂ፣ ኃይለ ሚካኤልን እንዳይረሱት ለአያ ደሴ ንገሪያቸው» ትለኛለች። ይረሱታል ብላ አይደለም፤ ዝም ብላ መቀመጥ አቅቷት ነው።

«አልረሳሁትም ልጄ፤ ነይ፣ ወደ እሳቱ ቅረቢ» ይሉኝና፣ ላምባ ባነሳት ኩራዝ ብርሃን ተረታቸውን ይጀምራሉ። ተረቱ ያው አንድ ነው፤ አዲስ አስመስለው ያወሩታል እንጂ። አንድ ባለጸጋ ገበሬ ለደብሩ ሁሉን ይሰጣል፤ ግን ለማንም አይጸልይም፣ እንዲጸልዩለትም ስሙን ለማንም አይናገርም። ሲሞት ከሰማይ ደጅ ይደርሳል። በረኛው «ከታች ማን ብለው ይጠሩሃል?» ይለዋል። ገበሬው ወደ ምድር ጆሮውን ቢጥል የሚጠራው የለም። እዚያው ብርድ ላይ ቆሞ ቀረ። «እስከ መቼ?» ስላቸው፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ «አንድ ሰው እስኪጠራው» ይሉኛል። ያኔ በጭሱ ውስጥ ወደ ቤቴ ስመለስ የማስበው የዚያን ገበሬ ብርድ ነበር።

ወንድሜ ለጥምቀት ገደማ ወባ አመንምኖት ተመለሰ። እናቴ ልታበስራቸው ስትሄድ አያ ደሴ አልጋ ይዘው አገኘቻቸው፤ በዚያው ሰሞን አረፉ። በአፋቸው ስሙ ያልተጠራ ቤት አልነበረምና ሰፈሩ ሁሉ ለቀብር ወጣ። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ደሴ ነው፣ አባ» አለ አንዱ።

«እሱማ የዓለም ስማቸው ነው።»

የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የንስሐ አባታቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል፤ ዘመድ የላቸውም። ሁላችንም ስማችንን ሰጥተናቸው ነበር፤ የእሳቸውን የጠየቀ ግን አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ቄሱ «እንግዲህ እግዜር ያውቃቸዋል» አሉና ቀጠሉ።

ዛሬ የምኖረው ቆሰበር ከተማ ነው። ከሰው ጋር ስተዋወቅ የክርስትና ስሙን እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ግር ይለዋል፣ አንዳንዱም ይስቅብኛል። ለጸሎት ስቆም የማውቃቸውን ሁሉ በየስማቸው እጠራለሁ፤ እሳቸው ጋ ስደርስ የምጠራው የክርስትና ስም የለኝም። «ደሴን» ብል ያ በረኛ የሚሰማኝ አይመስለኝም። ስለዚህ «ስማችንን ይጠሩ የነበሩትን ሽማግሌ» እላለሁ። ከደጁ ይግቡ አይግቡ ግን አላውቅም።